ከዩሪያው በፊት አፈሩ

ከረጅሙ በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ነቀምቴ ላይ ሲወርድ፣ ከባኬ ጃማ ሰፈር እስከ ዲጋና ጉቶ ጊዳ ማሳዎች ድረስ አየሩን የሚሞላውን የአፈር ሽታ የማያውቅ የወለጋ ሰው የለም። ሽታው የውሃውም የአቧራውም አይደለም። አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በተለይም ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ጠብታው መሬት ሲመታ ወደ አየር ይነሣል፣ የሰው አፍንጫም እጅግ ጥቂቱን ይለየዋል። በዚያው ሰዓት ግን ምንም ሽታ የሌለው ሌላ ነገርም ከመሬት ይወጣል። ናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ኤች. ኤፍ. በርች እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ ደርቆ የከረመ አፈር ድንገት ሲረጥብ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በአንድ ጊዜ ነቅተው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጎርፍ እንደሚለቁ፣ በብስባሹ ታስሮ የነበረውን ናይትሮጅንም አብረው እንደሚፈቱ አሳየ። የዓለም የአፈር ሳይንስ ክስተቱን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራዋል። ሞቃታማ አገሮች ለአየር ንብረት ሳይንስ ካበረከቷቸው ነገሮች አንዱ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ቀይ አፈር የተገኘ፣ ይህ ነው።

ነገሩ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የበልጉ ዝናብ ጀመረ ሲባል ቆሞ፣ ሁለት ሳምንት ደርቆ እንደገና ሲመለስ፣ አፈሩ በአንድ ወቅት አንዴ ይነቃ የነበረው ሁለቴና ሦስቴ ይነቃል። በየንቃቱ ካርቦን ይወጣል፤ የተፈታው ናይትሮጅንም ዘሩ ገና ስላልተዘራ የሚቀበለው ሥር አጥቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። ገበሬው የሚያየው የዝናቡን መዛባት ነው። ከእግሩ ሥር የሚያመልጠው ማዳበሪያ አይታየውም፤ ያውም ያለ ገንዘብ የተሰጠው ማዳበሪያ።

እንግዲህ የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ጭስ ማውጫ ወይም ወደ ችግኝ ነው። ቁጥሩ ግን መሬቱንም እንድናይ ያስገድደናል። በዓለም ላይ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይዟል፤ ከባቢ አየሩ የያዘው 900 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። የሰው ልጅ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በየዓመቱ ወደ 10 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ሲለቅ፣ የአፈር ተሕዋስያንና ሥሮች በአንድነት የሚተነፍሱት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ እስትንፋስ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዕፅዋት በብርሃን የሚያስገቡት ካርቦን ሲያካክሰው ኖሯል። አደጋው ሚዛኑ ጥቂት ሲያጋድል ነው፤ የግዙፍ ነገር ጥቂቱ ብዙ ነውና። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መጨመሩ ተመዝግቧል፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የመበስበስ ፍጥነት ይጨምራል። በአሜሪካ ሃርቫርድ ደን ውስጥ አፈሩን በተቀበረ ሽቦ በ5 ዲግሪ እያሞቁ ለ26 ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ውጤት የሚያስተምረው ግን ከዚህ የረቀቀ ነገር ነው። ካርቦኑ በእኩል ፍጥነት አልወጣም፤ ጎረፈ፣ ቆመ፣ ተሕዋስያኑ ራሳቸው ተለዋወጡና ሌላ ምግብ መፍጨት ጀመሩ፣ እንደገና ጎረፈ። አፈር በሙቀት መጠን ብቻ የሚሠራ ምድጃ ሳይሆን ነዋሪዎቹ የሚለዋወጡበት አገር ነው። ስለዚህ የአንድ አካባቢ አፈር ለሚለወጥ አየር የሚሰጠውን ምላሽ ለማወቅ፣ መጀመሪያ በዚያ አፈር ውስጥ ማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚኖር መጠየቅ ይገባል።

በወለጋ ያለው መልስ አንድ ቃል ነው፤ አሲድ። ኦሮሞው ቢዬ ዲማ የሚለው ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ለእርሻ ይመቻል፣ ሲያዩት ለም ይመስላል። ነገር ግን በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ውሃው ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ለሺህ ዓመታት እያጠበ ወስዷቸዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶው በአሲዳማነት እንደተጠቃ፣ 28 በመቶው ደግሞ ጠንካራ አሲዳማ እንደሆነ በሰፊው ይጠቀሳል፤ ምዕራብ ኦሮሚያ በዚህ ካርታ ላይ ደምቆ ከሚታየው ክፍል ነው፣ ነጆም የአገሪቱ የአሲዳማ አፈር ምርምር ሲነሣ ስሟ ቀድሞ ይጠራል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያሳጥራል፤ ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ፣ ገበሬው ገዝቶ ቢጨምረውም ሰብሉ አያገኘውም። ይህን የግብርና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፣ በየስልጠናውም ይነገራል። የማይነገረው፣ ያው አሉሚኒየምና ያው አሲድ ተሕዋስያኑንም እየመረጠ እንደሚገድልና እንደሚያዳክም ነው። አሲዳማነት በአገራችን እንደ ኬሚስትሪ ችግር ተይዞ፣ መፍትሔውም እንደ ኬሚስትሪ መፍትሔ በኩንታል ተቆጥሮ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር፣ ችግሩ ከሁሉ በፊት የሕይወት ችግር ነው፤ ይህን ካላየን በሚመጡት ዓመታት በብዛት የምንበትነው ማዳበሪያ የሰብላችንን ያህል አሲዱንና የአየሩን ሙቀት ይመግባል የሚል ነው።

አንዲት የዩሪያ ፍሬ እንከተል። ነጭ፣ ከጤፍ የምትተልቅ ከምስር የምታንስ ክብ ቅንጣት፣ እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ወድቃ በደቂቃዎች ውስጥ ትሟሟለች። ዩሪያ እንዳለች ለሰብል እምብዛም አትጠቅምም፤ መጀመሪያ የአፈር ተሕዋስያን በኢንዛይማቸው ሰብረው ወደ አሞኒየም ይለውጧታል። ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን በኦክስጅን አቃጥለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ አሲዱ የሚፈለፈለው እዚህ ላይ ነው። ሰብሉ ናይትሬቱን ከወሰደው የአሲዱ ጉዳት በከፊል ይካካሳል። ካልወሰደውና የሐምሌ ዝናብ ወደ ታች ካጠበው ግን ናይትሬቱ ካልሲየሙን እጁን ይዞ ይወርዳል፣ አሲዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሥሩ በአሉሚኒየም ያጠረ በቆሎ ናይትሬቱን ሳይቀበል ሲቀር አፈሩ ይብስ ይኮመጥጣል፣ የሚቀጥለው ዓመት በቆሎ ሥሩ ይብስ ያጥራል። አዙሪቱ ይህ ነው። ያልታጠበው ናይትሬት ደግሞ ዝናቡ አፈሩን ሲያጠግበውና አየር ሲያጥር ለሌሎች ባክቴሪያዎች ይደርሳል። እነርሱ በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬቱን እየተነፈሱ ደረጃ በደረጃ ወደ ጋዝ ይለውጡታል። የመጨረሻው ደረጃ ናይትረስ ኦክሳይድን አየሩን ወደሞላው ጉዳት የለሽ ናይትሮጅን መመለስ ነው። ይህን የመጨረሻ ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም በአሲዳማ አፈር ውስጥ በትክክል ተገጣጥሞ አይወጣም፤ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በተከታታይ ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው። ባክቴሪያው አለ፣ የሥራው ትእዛዝም አለ፣ መሣሪያው ግን ተሰናክሏል። እናም ጋዙ በመንገድ ላይ ሳለ ያመልጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ ከመቶ ዓመት በላይ በአየር ላይ ይቆያል፤ አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ስሌት ከ273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል ያሞቃል።

ሒሳቡን በእጅ መሥራት ይቻላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሰነድ ለማንኛውም መሬት የሚሰጠው ግምት፣ ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶው በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ በቀጥታ ይወጣል የሚል ነው። ይህ ማለት ከአንድ ኩንታል 0.7 ኪሎ ገደማ ጋዝ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር ወደ 200 ኪሎ ነው። ጋዙ ፋብሪካው ካወጣው ጭስና መኪናው ካቃጠለው ነዳጅ ሌላ ነው፤ ከራሱ ከማሳው፣ በባክቴሪያ እጅ የሚወጣ። ያ 1 በመቶ ደግሞ የዓለም አማካይ ነው። አሲዳማና ዝናባማ የሆነ ቀይ አፈር ከአማካዩ በላይ እንዲያመልጠው የሚያደርጉ ምክንያቶች በሙሉ በወለጋ ተሟልተዋል።

ነገሩን ዛሬ አንገብጋቢ ያደረገው በጎዴ የተጀመረው ሥራ ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመገንባት ተፈራርመዋል። ማዳበሪያዋን ከባሕር ማዶ ስትሸምት ለኖረች፣ የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲያንረው ገበሬዋ ምን ያህል እንደተጨነቀ ላየች አገር ይህ ታላቅ ዜና ነው፣ እኔም እንደ ታላቅ ዜና ነው የምቀበለው። ነገር ግን የዩሪያ አቅርቦት ሲጨምርና ዋጋው ሲቀንስ፣ ለጤናማውም ለታመመውም አፈር በእኩል ይደርሳል። ጤናማው አፈር እህል ያደርገዋል። የታመመው አፈር ከፊሉን አሲድ፣ ከፊሉን ጋዝ ያደርገዋል። ፋብሪካው እስኪያልቅ ያሉት ጥቂት ዓመታት የምዕራቡን አፈር ዩሪያውን ለመቀበል ማዘጋጃ ካልሆኑ፣ ጎዴ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ የተወሰነው ክፍል በነጆና በጊምቢ ማሳዎች ላይ ይተናል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የፍትሕ ነው፣ ከባድም ነው። የወለጋ ገበሬ በሄክታር የሚጨምረው ናይትሮጅን የቻይናው ወይም የአውሮፓው ገበሬ ከሚጨምረው ጋር አይወዳደርም፤ አየሩን ያላሞቀ ሰው ስለ ናይትረስ ኦክሳይድ ሊመከር አይገባም፣ መጀመሪያ ይብላ ይላል ተቃውሞው። እውነት ነው፣ ይብላ። ጋዙን ለመቀነስ ሲባል ከእርሱ እጅ ዩሪያ ይወሰድ የሚል ሰው ካለ ይህ ጽሑፍ ከእርሱ ጋር አይደለም። ነገር ግን ያመለጠው ጋዝ ገበሬው በብድር የገዛው ናይትሮጅን ነው። ለአየሩ የሚያስከፍለውና ለእርሱ የሚያስከፍለው አንድ ኪሳራ ነው፤ ዓለም ስለ ሙቀቱ ቢያስብም ባያስብም እርሱ ስለ ኩንታሉ ያስባል። አፈሩ ታክሞ ሰብሉ ናይትሮጅኑን ሲቀበል ከአንድ ኩንታል የሚገኘው በቆሎ ይበዛል፣ የሚያመልጠው ያንሳል። የአየር ንብረት ጉዳይና የገበሬ ኑሮ እንደዚህ በአንድ ማሳ ላይ ሲገጥሙ ሁልጊዜ አይገኝም፤ በተገኘበት ቦታ ማለፍ ግን ይቅርታ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፣ በኖራ ላይ። ለአሲዳማ አፈር የታወቀው መድኃኒት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለወለጋም ቅርብ የሚባለው ከጉደር በኩል የሚመጣው ሲሆን እስከ ነቀምቴ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኖራ ግን ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ቶን ኖራ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ እስከ 440 ኪሎ ይወጣዋል። በሄክታር 2 ቶን ቢበተን 880 ኪሎ ነው፤ የመኪናው ነዳጅ ሳይቆጠር። በዚያ ላይ ፒኤቹ ሲስተካከል ተሕዋስያኑ ይበረታሉ፣ የበረቱት ደግሞ ለጊዜው ብስባሹን ፈጥነው ይፈጫሉ። ታዲያ ኖራ የአየር ንብረት መፍትሔ ነው ማለት ይቻላል? በዚህ መልኩ ብቻውን ከተያዘ፣ አይቻልም፤ እንደዚያ ብለው የሚያቀርቡት ሰዎች ሒሳቡን ጨርሰው አልሠሩትም። 880 ኪሎው በአምስት ዓመት ቢካፈል በዓመት 176 ኪሎ ይሆናል፤ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ከሚወጣው ጋዝ ጋር ይቀራረባል፣ ኖራው ደግሞ ያን ጋዝ በሙሉ አያስቀረውም። የኖራው ትርፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ካልታከመ መሬት በቂ እህል ያላገኘ ገበሬ የሚሄደው ወደ ቀረው ደን ነው። ደን ሲመነጠር የሚወጣው ካርቦን ከኖራው ካርቦን ጋር አይወዳደርም፤ ከዛፉ በኋላም ለዓመታት ከአፈሩ መውጣቱን ይቀጥላል። በሻሸመኔ አቅራቢያ በሙኔሳ ደን ተመንጥረው ለተለያየ ዘመን የታረሱ ማሳዎችን እነሙሉጌታ ለምንህ ሲያነጻጽሩ የአፈሩ ካርቦን ከእርሻው ዕድሜ ጋር እየወረደ እንደሚሄድ አይተዋል። ኖራን የምደግፈው ስለዚህ ነው፤ እርሻን ቀድሞ በታረሰው መሬት ላይ ለማቆየት። እንዲያም ሆኖ ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ በየዓመቱ በመዝሪያው መስመር ላይ በጥቂቱ መጨመር በአገራችን ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል፤ ለኪስም ለመጓጓዣም ለአየሩም ይሻላል። በወለጋ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት መኪናም ባለሙያም በቀላሉ ያልደረሱባቸው ቀበሌዎች ብዙ መሆናቸው ሲታሰብ፣ በትንሽ በትንሹ የሚሠራ ዘዴ ከትልቁ ዘመቻ ይልቅ ያዋጣል።

ኖራው በር መክፈቻ ነው፤ የሚገቡት ሌሎች ናቸው። ከሚገቡት ዋነኛው ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ በደንብ የያዘውን አኩሪ አተር ከነአፈሩ ነቅሎ ሥሩን ቢያጥቡት፣ በሥሩ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ እስከ አተር የሚያህሉ እባጮች ተጣብቀው ይታያሉ። አንዱን በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቅላቱ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ፣ ኦክስጅንን የሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። በዚያች እባጭ ውስጥ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለሰብሉ ይሰጣል፣ ሰብሉም በፋንታው ስኳር ይመግበዋል። ፋብሪካ በብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀትና በከባድ ግፊት፣ የተፈጥሮ ጋዝ እያነደደ የሚሠራውን ሥራ ይህ ሕይወት በአፈሩ ሙቀት ይሠራዋል፤ አኩሪ አተር ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉን በዚህ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። አኩሪ አተር ግን ለኢትዮጵያ መጤ ሰብል ስለሆነ የሚስማማው ባክቴሪያ በአፈራችን ውስጥ በበቂ አይገኝም፣ ከዘሩ ጋር መሰጠት አለበት። ለዚህም መናገሻ ባዮቴክ የሚያመርተው ሕያው ማዳበሪያ አለ፤ ለአኩሪ አተር የሚታወቀው ዝርያ ኤምኤአር 1495 ነው። በትንሽ ከረጢት የታሸገ ጥቁር ዱቄት ነው። ዘሩ በስኳር ውሃ ጥቂት ይርሳል፣ ዱቄቱ በጥላ ሥር ይታሽበታል፣ ፀሐይ ሳያየው ወዲያው ይዘራል። ለአንድ ሄክታር ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የዩሪያ ኩንታል በአህያ ጀርባ ወይም በሰው ትከሻ ለሚገባባት ቀበሌ፣ ግማሽ ኪሎ ማለት ምን እንደሆነ አያከራክርም።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? ተሞክሮ አልሠራም የሚሉ ገበሬዎችና ባለሙያዎች አሉ፣ አልዋሹም። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 በቆየው፣ ኤንቱአፍሪካ በተባለው የጥራጥሬ ሰብሎች ፕሮጀክት በኢትዮጵያ በአኩሪ አተር፣ በቦሎቄ፣ በሽምብራና በባቄላ ላይ በተደረጉት ሥራዎች ምርቱ በአንዱ ማሳ በጣም ጨምሮ በሌላው ምንም ሳይለወጥ የቀረበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱን ሲፈልጉት ግን አፈሩ ጋ ይመልሳል። በጠንካራ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያው ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ቢደርስም ናይትሮጅን የሚያስረው ኢንዛይም ሞሊብዲነም ይፈልጋል፣ ሞሊብዲነም ደግሞ በአሲዳማ አፈር ይታሰራል። ፎስፈረስ ከሌለ እባጩ ጉልበት የለውም። ከዚህ ሌላ ከረጢቱ በሞቃት መጋዘን ከከረመ ውስጡ ያለው ሬሳ ነው። ሕያው ማዳበሪያን እንደ ዩሪያ ከመጋዘን ወደ መጋዘን እያዘዋወሩ ማከፋፈል፣ ጫጩትን እንደ ሲሚንቶ እንደ መደርደር ይቆጠራል። ስለዚህ «አልሠራም» የሚለው ማስረጃ የሚመሰክረው በባክቴሪያው ላይ ሳይሆን ኖራው፣ ፎስፈረሱና ባክቴሪያው በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ፕሮግራም፣ ለተለያየ ገበሬ መድረሳቸው ላይ ነው። ሦስቱ አንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ወቅት መገናኘት አለባቸው። ለዚህ አዲስ ተቋም አያስፈልግም። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ነቀምቴ የአፈር ላቦራቶሪ አላት፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲም አለ።

ከኖራው፣ ከፎስፈረሱና ከባክቴሪያው ቀጥሎ አራተኛው ጉዳይ ብስባሽ ነው፣ ክርክሩም እዚህ ጋ ይጠብቃል። ተሕዋስያን ያለ ምግብ አይኖሩም፤ ምግባቸው ደግሞ ቅጠል፣ ገለባ፣ ፍግና ሥር ነው። ኮምፖስት ይዘጋጅ ሲባል ገለባው የከብት ቀለብ ነው፣ አገዳው ማገዶና አጥር ነው፣ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ በስልጠና ብዛትም አይመለስም። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው በምዕራብ ወለጋ በመና ሲቡና በጃርሶ በኩል ለአሥርት ዓመታት የታየው ነው። ምስጡ ሣሩን፣ ሰብሉን፣ የቤቱን ማገር ሳይቀር ሲበላ፣ መልሱ በአመዛኙ ኩይሳውን ማፍረስና በኬሚካል ማጥፋት ነበር። ምስጥ ግን ገበሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ወገን የሞተ ሣርና እንጨት ወደ ውስጥ እያስገባ ተርሚቶማይሲስ የሚባል ፈንገስ ያለማበታል፣ በዝናብ ወቅት ከኩይሳው ሥር የሚወጣውና የሚበላው እንጉዳይም የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው። የሞተ ነገር ከመሬቱ ላይ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ ግጦሹ ተራቁቶ ገለባው ተለቅሞ ሲሄድ፣ ምስጡ ወደ ሕያው ሰብል ይዞራል። ችግሩ ከምስጡ ብዛት ይልቅ ከመሬቱ መራቆት እንደሚመነጭ አጥኚዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ለአፈሩ ምንም ሳናስተርፍ የወሰድንበት ቦታ ላይ የአፈሩ ሕይወት ድርሻውን በራሱ እጅ ይወስዳል። መፍትሔው ሁሉን ገለባ ለመሬት ስጡ ማለት አይደለም፤ በማሳው ውስጥ ተጨማሪ ሕያው ሥር የሚቆይበትን መንገድ መፈለግ ነው። ኑግን ከበቆሎ በፊት መዝራት የወለጋ ገበሬ ከጥንት የሚያውቀው፣ በባኮም በምርምር የተደገፈ ልማድ ነው። የጥራጥሬ ተክልን በበቆሎ መካከል ማስገባትም እንዲሁ።

ሕያው ሥር የማይጠፋበትን መሬት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ለዓለም ገበያ በለቀምት ስም የሚቀርበው ቡና የሚበቅልበት የጊምቢ አካባቢ ጥላ አለ። ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና ቅጠላቸውን ለአፈሩ ያረግፋሉ። የቡናው ሥር ደግሞ ማይኮራይዛ ከሚባለው ፈንገስ ጋር ተሳስሮ ይኖራል፤ ፈንገሱ ከፀጉር በቀጠነ ክር ሥሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስ ያመጣለታል፣ ከአሉሚኒየምም ይከልለዋል። ዲሪባ ሙለታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በቦንጋ የተፈጥሮ ቡና ደን በጥላ ዛፎች ሥር የዚህን ፈንገስ ስፖር ቆጥረዋል፤ የአገራችን ተመራማሪዎች በዚህ መስክ የያዙት ዕውቀት በየማሳው አልደረሰም እንጂ የለም አይባልም። በቅርብ ዓመታት ማይኮራይዛ በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ13 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ካርቦን ከዕፅዋት ይቀበላል የሚል ግምት ወጥቶ ብዙ ተወርቶለታል። ቁጥሩ የሚናገረው የተቀበለውን እንጂ ያስቀረውን አይደለም፤ ከተቀበለው ብዙው ተመልሶ ይተነፈሳል።

ይህ ወደ መጨረሻው ተቃውሞ ይወስደናል፤ ሳይንሱ ራሱ አልጠራም የሚለው። የአፈር ካርቦን በሙቀት ምን ያህል እንደሚወጣ ሞዴሎች ይለያያሉ፣ የአንዱ ጥናት ግምት በሌላው ይሻራል። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የአፈርን ካርቦን በየዓመቱ በሺህ 4 እናሳድግ የሚለው ጥሪም ብዙ የአፈር ሊቃውንት ተጠራጥረውታል። እኔም ለወለጋ ገበሬ የአፈር ካርቦን ሽጠህ ትከብራለህ ብሎ ተስፋ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ባንክ በኦሮሚያ ለሚቀንሰው ልቀት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲዋዋል የተመሠረተበት ዋና ነገር ደን ነው፤ ዛፍ ከሳተላይት ይታያል፣ ይቆጠራል። የአፈር ካርቦን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ለውጡ በዓመታት ነው የሚታየው፣ ያጠራቀሙትም በአንድ ክፉ ዓመት እርሻ ይወጣል። ስለ ካርቦኑ እርግጠኛ አለመሆን ግን ስለ ናይትሮጅኑ እርግጠኛ አለመሆን አይደለም። አሲድ የመጨረሻውን ኢንዛይም እንደሚያሰናክል፣ ራይዞቢየምን እንደሚገድል፣ የሰብል ሥርን እንደሚያሳጥር አያጠራጥርም። በእርግጠኛው ተነሥተን ስንሠራ፣ ካርቦኑ ከመጣ በትርፍነት ይምጣ።

ለዚህ ሥራ የሚጎድለው ትንሽ የሚመስል ነገር መለኪያ ነው። አንድ ገበሬ የማሳውን አፈር ለምርመራ ሲያስልክ የተለመደው ውጤት ፒኤችን፣ ፎስፈረስን፣ ናይትሮጅንን፣ የካርቦን መጠንን ይነግረዋል፤ አፈሩ በሕይወት መኖሩን አይነግረውም። የአፈርን እስትንፋስ ለመለካት ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የተመጠነ አፈር ይረጥብና ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ማሰሮ ይገባል፣ አጠገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚስብ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ይቀመጣል፣ ይዘጋል፣ ካንድ ቀን በኋላ ውሃው ምን ያህል እንደሳበ በአሲድ ጠብታ ይለካል። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ተማሪ የሚሠራው ነው። አንዱ ማሰሮ ኖራ ከተደረገበት ማሳ፣ ሌላው ካልተደረገበት፣ ሦስተኛው ከቡናው ጥላ ሥር ቢሆንና የዩሪያ ዕደላው ከመጀመሩ በፊት በየወረዳው በሚያዝያ ቢለካ፣ የትኛው ማሳ ኩንታሉን ለመቀበል እንደደረሰና የትኛው ኖራና ፍግ እንደሚቀድመው ለልማት ሠራተኛው የሚያሳይ ቁጥር በእጁ ይገባል።